የጓሮ ዶሮ ጤና አጠባበቅና በድርቅ የተጎዱ ቤተሰቦች መልሶ መቋቋም፦ የአንኮበር ሁኔታ

በድርቅ የተጎዳን ቤተሰብ መልሶ ለማቋቋም በሚወጣ ዕቅድ ውስጥ በመጀመሪያ የሚሰፍሩት የእርሻ በሬ፣ ዘርና የእጅ መሣሪያ ናቸው። ዶሮ ከዝርዝሩ መጨረሻ ትጻፋለች፤ አንዳንዴም ጭራሽ ትዘነጋለች። ይሁን እንጂ በሬው ከተሸጠና በጉ ካለቀ በኋላ በድኻው ገበሬ ደጃፍ የምትቀረው ሀብት ዶሮ ናት። ክፉው ዘመን አልፎ ኑሮ እንደገና ሲጀመርም በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የምትራባና እንቁላልዋ ለጨው፣ ለበርበሬና ለልጆች ደብተር መግዣ የሚውል እርስዋው ናት። ገንዘቡም በአብዛኛው በእማወራዋ እጅ የሚገባ በመሆኑ በቀጥታ ለቤት ችግር ይውላል። በዚህም ምክንያት የዶሮ ጤና አጠባበቅ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ብቻ ሳይሆን የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ሠራተኛውም ኃላፊነት ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

የቀድሞዪቱ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪ.ሜ. ያህል ርቃ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ትገኛለች። ወረዳው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ውርጫማ ደጋ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓት የእግር መንገድ ወደ አልዩ አምባ ቆላ ይወርዳል። በላይኛው ክፍል ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ በታችኛው ማሽላና ጤፍ ይመረታል። ደጋው በበልግ ዝናብ ላይ ብዙ ተስፋ የሚጥል ስለሆነ በልግ የቀረ እንደሆነ ችግሩ ከክረምት በፊት ይገባል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜን ሸዋ ከወሎና ከትግራይ ጋር ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም ከእነዚሁ አካባቢዎች ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተዛውሯል። ሠፋሪው የቤት እንስሳቱን ይዞ ለመሄድ ባለመቻሉ ኑሮውን ከባዶ ጓሮ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህም በ2007ና በ2008 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅ እንደዚሁ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት አራግፏል። ስለሆነም ባዶውን ጓሮ እንደገና የመሙላቱ ጥያቄ ያለፈ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምና በ2015 ዓ.ም. በተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮ ተፈላጊ ስፍራ ይዛለች።

ከማደል በፊት መጠበቅ

ያገር ቤት ዶሮ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ትጥልና በጠቅላላው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትሰጣለች። ይህ ጥቂት ነው ተብሎ ምርጥ ዝርያ የማደል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ነገር ግን የገበሬው ዋና ኪሣራ የእንቁላሉ ማነስ ሳይሆን የተፈለፈለው አለማደጉ ነው። አንዲት ዶሮ 12 እንቁላል ታቅፋ ዘጠኝ ወይም አሥር ጫጩት ብትፈለፍል ሁለት ወር ሳይሞላቸው ግማሽ ያህሉ በብርድ፣ በጭልፊት፣ በረኃብና በበሽታ ያልቃሉ። የተረፉትም ለአቅመ ገበያ ሲደርሱ ፈንግል ከገባ ጓሮው ባንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል። እንዲህ ባለው መንደር ውስጥ አዲስ ዶሮ ማደል በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ይቆጠራል። ከእደላው በፊት ቀዳዳውን መድፈን ይገባል።

ፈንግልና መከላከያው

ፈንግል የሚባለው በሽታ በሌላው ዓለም ኒውካስል ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ከታየባት የእንግሊዝ አገር ከተማ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከታመመች ዶሮ ኩስ፣ ከአፍዋና ከአፍንጫዋ በሚወጣው ፈሳሽ ይተላለፋል። በዶሮ ነጋዴ ቅርጫት፣ በሰው ጫማና በጋራ የውኃ ገበቴም ይዛመታል። የታመመችው ዶሮ ትደበታለች፣ ክንፍዋን ትጥላለች፣ አፍዋን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣታል፤ አንዳንድዋ አንገትዋ ይጠመዘዛል። አንዳንድዋ ደግሞ ምንም ምልክት ሳታሳይ ማለዳ ከቆጥ ሥር ሞታ ትገኛለች። ክትባት ያላገኘ መንጋ አብዛኛው፣ አንዳንዴም ሁሉም ያልቃል። የበሽታው ወረርሽኝ በብዛት የሚታየው በበጋው ማብቂያና በዝናቡ መግቢያ፣ ይልቁንም በግንቦት ወር ነው። የበዓል ገበያም ከየአቅጣጫው የመጡ ዶሮዎችን ባንድ ስፍራ ስለሚያገናኝ ያዛምተዋል።

ለፈንግል የሚሆን ፈዋሽ መድኃኒት የለም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም አረቄ ማጠጣት የተለመደ ቢሆንም ቫይረሱን አያጠፋም። ከፋርማሲ ተገዝቶ የሚበተነው የቴትራሳይክሊን እንክብልም እንዲሁ ለዚህ በሽታ አይሠራም። የሚሠራው በሽታው ሳይገባ የሚሰጥ ክትባት ብቻ ነው።

ክትባቱን በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። በመጠጥ ውኃ የሚሰጠው ዓይነት ከማቀዝቀዣ መራቅ ስለማይችል ለገደላማው አገር አይመችም። በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከተገኘው አይ-2 ከተባለው ዘር የሚሠራው ክትባት ግን ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ ይቋቋማል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ክዳን ባለው ቅርጫት ውስጥ ሆኖ፣ ከፀሐይ ተጠብቆ ወደ መንደር ሊጓዝ ይችላል። አሰጣጡም ቀላል ነው፤ ጫጩትም ሆነች አውራ ዶሮ ባንድ ዓይን አንድ ጠብታ ይደረግላቸዋል። መከላከያው ኃይል እስኪያገኝ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግና ከጥቂት ወራት በኋላ ስለሚደክም በየአራት ወሩ መደገም አለበት።

ባንድ ብልቃጥ ያለው ክትባት ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሲሆን ከተበጠበጠ በኋላ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት አንዲት እማወራ ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ ጎረቤቶችዋ ካላስከተቡም የእርስዋ መከተብ በቂ አይሆንም። በመሆኑም ክትባት የመንደር ሥራ መሆን አለበት። ለአንኮበር ደጋ አመቺ የሚሆኑት ወራት መጋቢት፣ ሐምሌና ኅዳር ናቸው። የመጋቢቱ ከፋሲካ ገበያና ከግንቦት ወረርሽኝ፣ የሐምሌው ከእንቁጣጣሽ፣ የኅዳሩ ከገና ይቀድማል። በመጋቢትና በኅዳር በአብዛኛው ጾም ስለሚሆን ዶሮው ሳይሸጥና ሳይታረድ በቤት ተከማችቶ ይገኛል። የአልዩ አምባው ቆላ ሕዝብ ብዙው እስላም ስለሆነ በዚያ ያለው ፕሮግራም የረመዳንንና የዒድን ገበያ ተመልክቶ መውጣት ይኖርበታል። በሐምሌ መንገዱ ስለሚጨቀይ መድኃኒቱ በሰኔ ማብቂያ ከደብረ ብርሃን ቢወርድ ይመረጣል። ዶሮዎች ሳይበተኑ በሌሊት ከቆጥ ላይ ወይም ገና ሲነጋ ቢከተቡ ሥራው ይቃናል።

ጫጩት ማዳን

ከፈንግል ቀጥሎ ትልቁ ኪሣራ በጫጩቶች ላይ የሚደርሰው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ለታቃፊዋ ከሳምንት ያልበለጠ ዕድሜ ያለው እንቁላል መምረጥ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ብቻ ማስታቀፍና ውኃና ጥሬ በአጠገብዋ ማኖር ያስፈልጋል። እንቁላሉ በ21 ቀን ይፈለፈላል። በደጋው ጫጩት በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጭቃ ውስጥ እንዳይፈለፈል የማስታቀፊያውን ጊዜ ወደ ጥቅምትና ከዚያ በኋላ ማዛወር ይበጃል፤ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ግን ጫጩቶቹ ሌሊት ከእናታቸው ጋር በማድቤት ወይም በሞቀ ስፍራ እንዲያድሩ ያስገድዳል። በቆላው ችግሩ ሙቀትና አውሬ ስለሆነ ጥላና ሸለምጥማጥ የማይገባበት ማደሪያ ይፈለጋል።

እናትዋንና ጫጩቶችዋን ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ቀን ቀን በቅርጫት ወይም በአጥር ከልሎ ማቆየት ከጭልፊት ያድናቸዋል። በዚህ ጊዜ የተፈጨ እህልና የተከተፈ ጎመን ይሰጣቸዋል። መጠጫው ጠፍጣፋ ገል ሆኖ በመካከሉ ድንጋይ ቢቀመጥ ጫጩት አይሰጥምም፣ ውኃውም በኩስ አይበከልም። የማደሪያው ወለል እርጥበት ከበዛበት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያስከትለው ኮክሲዲያ የተባለው ተባይ ይራባል፤ ስለዚህ ደረቅ ገለባ ማንጠፍና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ያስፈልጋል። ቅንቅን በቆጥ ስንጥቅ ውስጥ ስለሚሸሸግ ቆጡን በፈላ ውኃ ማጠብና ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አመድ የተቀላቀለ ደረቅ አፈር ማዘጋጀት ጠቃሚ ነው።

በድርቅ ጊዜ ልዩ ጥንቃቄ

ድርቅ ሲገባ ዶሮ ጭራ የምታገኘው ጥሬ፣ ምስጥና ትላትል አብሮ ይጠፋል። ውኃ ካጣች እንቁላል መጣልዋን ቶሎ ታቆማለች። ለአሥር ዶሮ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህም ከሩቅ ምንጭ በሴት ጀርባ የሚመጣ ስለሆነ የመንጋውን ቁጥር ቀድሞ መቀነስ ብልኅነት ነው። ትርፍ አውራዎችንና ያረጁ ዶሮዎችን ሥጋ ሳይከዳቸው፣ ዋጋም ሳይወድቅ መሸጥና የሚራቡትን ማትረፍ ይገባል፤ ለአሥር እንስት አንድ አውራ ይበቃል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሽያጩ ከቅበላ በፊት ቢሆን ይሻላል።

የቀሩት በፉርሽካ፣ በእህል ግርድና በአተላ ሊደገፉ ይችላሉ። ከዕርዳታ መጋዘን በእርጥበት ተበላሽቶ የተመለሰ እህል ለዶሮ ይሆናል የሚባለው አስተሳሰብ ግን አደገኛ ነው። የሻገተ እህል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ስለሚይዝ ዶሮን ይገድላል። ለዘር ተብሎ መድኃኒት የተቀባ እህልም ለሰውም ሆነ ለዶሮ መሰጠት የለበትም።

ከሁሉ የከፋው የታመመችን ዶሮ በድንጋጤ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ባለቤትዋ ጥቂት ብር ለማዳን ስትል የሦስትና የአራት ቀበሌ መንጋ ታስጨርሳለች። የሞተችው ዶሮ ውሻ እንዳያወጣት ጠለቅ ብሎ መቀበር ወይም መቃጠል አለባት። ቫይረሱ የሰውንም ዓይን ሊያስቀላ ስለሚችል የነካት ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በእደላና በሠፈራ ጣቢያ

ዶሮ የሚያድል ድርጅት ሳያውቀው በሽታ የሚያድልበት ጊዜ አለ። ከየገበያው ተለቅመው በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ ዶሮዎች ለመንደሩ ስጦታ ሳይሆን ጦስ ይሆናሉ። ስለዚህ እንደ ኮምቦልቻው ካለ የብዜት ማዕከል የተገኙ፣ ለፈንግል፣ ለጉምቦሮ፣ ለፈንጣጣና ለታይፎይድ የተከተቡበት ማስረጃ ያላቸው ቄቦች ብቻ ቢቀርቡ ይመረጣል። በተለይ ጉምቦሮ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የታየ የጫጩቶች በሽታ ስለሆነ አዲስ መንጋ ሲገባ ሊታሰብበት ይገባል። የተገዙት ዶሮዎች ከነባሮቹ ተለይተው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት መቆየት አለባቸው። የመንደሩ ነባር መንጋም ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይከተብ። ምርጥ ዝርያ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ የምትፈልግ በመሆንዋ መኖ የሌለው ቤተሰብ ያገር ቤት ቄብ ብታገኝ ይጠቅመዋል።

በሠፈራ ጣቢያና በተፈናቃዮች መጠለያ ቤቶች ተቀራርበው ስለሚሠሩ አንድ የታመመች ዶሮ ጣቢያውን በሙሉ ታዳርሳለች። ከተለያየ አገር የመጡ ቤተሰቦች እንስሳታቸውን ሲያገናኙ ደግሞ አደጋው ይብሳል። በእንዲህ ያለው ስፍራ ክትባት ሳይደራጅ ዶሮ ማስገባት አይገባም።

ከኃላፊዎች የሚጠበቀው

ከላይ እንደተገለጸው ሥራው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች መርጦ የዓይን ጠብታ አሰጣጥ ማስተማር፣ ለድካማቸው በዶሮ ጥቂት ሳንቲም እንዲከፈላቸው ማድረግ፣ የክትባት ወራትን በወረዳው የሥራ ፕሮግራም ውስጥ ማስገባትና መድኃኒቱን በወቅቱ ማድረስ ይበቃል። የሥራው ውጤትም በታደሉት ዶሮዎች ቁጥር ሳይሆን ከዓመት በኋላ በቆጥ ላይ በሚገኙት ቁጥር መመዘን ይኖርበታል። ሪፖርቱ በእደላው ቀን የሚዘጋ ከሆነ በግንቦት የሞተውን የሚቆጥር አይኖርም፤ ኪሣራው ግን ሌላ ጥሪት በሌላት እናት ላይ ይወድቃል።