ትከሻ ላይ የተቋጠረ ራስ ምታት

የጡንቻ ቋጠሮ በተወጠረ የጡንቻ ክር ላይ የሚገኝ፣ ሲጫኑት አጥብቆ የሚያም ትንሽ ቦታ ነው። ጣት ሲያልፍበት እንደ ገመድ የተገተረ ነገር ይዳሰሳል፤ አንዷ ነጥብ ስትነካ ታማሚው ድንገት ይሸማቀቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሕመሙ ከምንጩ ርቆ ስለሚሰማ ነው። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለ ቋጠሮ በአንገት ጎን ወጥቶ እስከ ዓይን ዳር ራስ ምታት ይሆናል። የመቀመጫ ጡንቻ ቋጠሮ ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርድና «ነርቭ ነው» ያሰኛል።

በጌዴኦ ዞን ገደብ ወረዳ፣ በባንኮ ጎቲቲ፣ ቡና ሲደርስ ለቃሚው ክንዱን ሰቅሎ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ ይስባል፣ ቀዩን እየመረጠ ይለቅማል። በቡና ማጠቢያው ሴቶች በማድረቂያው አልጋ ዳር ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው ብልሹውን ፍሬ ከደህናው ይለያሉ። ጣቶቻቸው አያርፉም፤ አንገትና ትከሻቸው ግን ለሰዓታት ካሉበት አይነቃነቁም። ጡንቻን ለቋጠሮ የሚዳርገውም አንዱ እንዲህ ያለው ሳይላላ የሚቆይ ውጥረት ነው። የተጨበጠ ጡንቻ የራሱን የደም ሥሮች ስለሚጫን ኦክስጅን ያንሰዋል፤ በዚያው የሚከማቹት ኬሚካሎች ደግሞ የሕመም ነርቮችን ይቆሰቁሳሉ ተብሎ ይታሰባል።

ጉዳዩን በሰፊው ያጠኑት የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል ናቸው። ከዴቪድ ሲመንስ ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ጡንቻዎች ሕመሙን ወዴት እንደሚልኩ በሥዕል ያሳያል። ይሁንና ሁለት ባለሙያዎች አንድን ታማሚ ዳስሰው በቋጠሮው ቦታ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ስለ አፈጣጠሩም ክርክሩ አላበቃም።

ከ3 ወር ያለፈ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። እዚህ ደረጃ ሲደርስ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ራሳቸው ለሕመም ከልክ በላይ ንቁ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቀላል ንክኪ ያማል፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ሰውነት ግን አዲስ ጉዳት ደርሶበታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ለሳምንታት መተኛት ጡንቻን ያደክማል እንጂ አያድንም።

ሕክምናው የሚጀምረው ከቀላሉ ነው። በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ከዚያ ነጥቡ እስኪላላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይጫናል፣ ጡንቻውም ቀስ ተብሎ ይሳባል። ለቃሚ ክንዱን ማፈራረቅ፣ ፍሬ የምትለይ ሴትም በየመሀሉ ቀና ብላ ትከሻዋን ማዞር ይጠቅማቸዋል። ዘላቂው ለውጥ የሚመጣው ጡንቻን በሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው። የወጌሻ እሽታ ያፍታታል፤ አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ግን አደገኛ ነው። ቋጠሮውን በመርፌ መውጋትም የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መስነፍ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ካለ ነገሩ የጡንቻ ቋጠሮ ላይሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። የአከርካሪ ቲቢ እንዲህ ሊጀምር ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፣ በእሽታ ከቆየ ግን እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል።