54 ሜትር ስንት ያወጣል?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ሮቢት እህል የሚገበያይ ነጋዴ የሚዛንን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ በኩንታል ሲሸጥ ጥቂት ኪሎ ቢጎድል ሒሳቡ ይስተካከላል እንጂ ጭነቱ በሙሉ አይመለስም። በሩጫው ገበያ ግን አሠራሩ ሌላ ነው። እዚያ ጉድለት በዋጋ አይተመንም፤ የጎደለው ኩንታል እንዳልተሸጠ ይቆጠራል። አትሌት ያለምዘርፍ የኋላው ይህንን በ22 ዓመቷ አይታለች።

የተመለሰው ጭነት

ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ ላርን ከተማ በተካሄደው የአንትሪም ኮስት ግማሽ ማራቶን ያለምዘርፍ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ጨርሳ አንደኛ ወጣች። በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች ከአምስት ወራት በፊት ኢስታንቡል ላይ ያስመዘገበችው 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ነበር። የ18 ሰከንድ ልዩነት ማለት ነው።

ይሁንና መንገዱ እንደገና ሲለካ ከሕጋዊው 21 ኪሎ ሜትር ከ97.5 ሜትር 54 ሜትር ጎድሎ ተገኘ። ክብረ ወሰኑም ሳይጸድቅ ቀረ።

ሒሳቡን ለሚወድ ሰው ነገሩ ያስቆጫል። ያለምዘርፍ በዕለቱ አንዱን ኪሎ ሜትር የሮጠችው በአማካይ በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት የጎደለውን 54 ሜትር ለመሮጥ 10 ሰከንድ ያህል ይበቃታል። ይህ ቢደመርባት እንኳ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በስምንት ሰከንድ ያህል ታሻሽል ነበር። ሕጉ ግን የሚያየው የተለካውን እንጂ የሚገመተውን አይደለም።

ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በስፔኗ ቫሌንሲያ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ሮጠች። ይህ ሰዓት ከኢስታንቡሉ ክብረ ወሰን በ11 ሰከንድ የፈጠነ ቢሆንም ያስገኘላት ሁለተኛነትን ብቻ ነው። በዚያው ውድድር የአገሯ ልጅ ለተሰንበት ግደይ በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገብታ ክብረ ወሰኑን ወስዳዋለች። ገበያ ዘግይቶ የመጣን ዕቃ፣ ጥራቱ የተመሰከረለት ቢሆንም፣ በቀድሞው ዋጋ አይቀበልም።

ገቢው ከየት ይመጣል?

የጎዳና ላይ ሩጫ ባለሙያ ገቢ በአብዛኛው ከአራት ምንጮች ይገኛል። የመጀመሪያው አዘጋጆች ስመ ጥር ሯጭ እንዲመጣላቸው የሚከፍሉት የተሳትፎ ክፍያ ነው። ሁለተኛው የደረጃ ሽልማት፣ ሦስተኛው ለፈጣን ሰዓትና ለክብረ ወሰን የሚሰጥ ጉርሻ፣ አራተኛው ደግሞ ከጫማና ከትጥቅ አምራቾች ጋር የሚደረግ ውል ነው። ከአራቱ የደረጃ ሽልማቱ ብቻ ሲቀር የቀሩት ዋጋቸው የሚወሰነው ሯጩ ባለው ስምና ሰዓት ነው። 54 ሜትር የሚያስከፍለውም እዚህ ላይ ነው።

ከገቢው ላይ የሚነሳም አለ። ማናጀሩ በተለምዶ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ውድድሩ የሚካሄድበት አገር ግብር ይቀንሳል፤ ሽልማቱም የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ይቆያል። የማራቶን ሯጭ በአብዛኛው በዓመት የምትወዳደረው ሁለት ጊዜ ያህል ነው። አንድ ጉዳት ቢያጋጥማት የዓመቱ ምርት እኩሌታ ጠፋ ማለት ነው።

መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ይህ አደጋ ለጥቂት ሳይደርስ ቀርቷል። ያለምዘርፍ ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አደናቅፏት ወደቀች። ተነስታ ግን 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ በሆነ ጊዜ አሸነፈች። ዕድሜዋ 23 ነበር፤ ለንደንን ካሸነፉ ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ሆናለች። የለንደን የአንደኛነት ሽልማት 55 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ በወቅቱ የባንክ ምንዛሪ 2.9 ሚሊዮን ብር ገደማ ይሆናል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያው ገንዘብ ከ5.5 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ገቢው በዶላር፣ ወጪው በብር ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የክብረ ወሰን ዕድሜ

ስም የሚያስገኘው ክብረ ወሰን ራሱ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ነው። ያለምዘርፍ የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ካስቴሎን ላይ በ10 ኪሎ ሜትር ያስመዘገበችው 29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ኬንያዊቷ አግነስ ንጌቲች አሻሻለችው። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ በመጀመሪያ ማራቶኗ የሰበረችው የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን፣ 2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ፣ ደግሞ የቆየው አምስት ወር ነው። ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ አልፋዋለች።

ከዚህ የተነሳ ነው አስተዋይ ሯጮች የእግራቸውን ፍሬ እግር ወደማያስፈልገው ንብረት ለመለወጥ የሚጣደፉት። የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሪዞርቶችና በአዲስ አበባ የቀነኒሳ ሆቴል የዚሁ ስሌት ውጤቶች ናቸው።

ያለምዘርፍ በበኩሏ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. አምስተርዳምን በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ አሸንፋ የቦታውን ክብረ ወሰን ወስዳለች። በ25 ዓመቷ ያስመዘገበችው ይህ ሰዓት እስከዚያ ዕለት ከሮጠቻቸው ማራቶኖች ሁሉ የፈጠነው ነው። ላርን ላይ የጎደለባትን ማንም አልተካላትም። የእህል ነጋዴ ጉድለቱን በሚቀጥለው ገበያ ሊያካክስ ይችላል፤ ሯጭ ግን የምታካክሰው በራሷ ጉልበት ነው፤ እሱም በጎተራ አይቀመጥም።