አባት ያልሆነ አለቃ

ፋብሪካው የአባቷ፣ ደመወዟን የምትፈርመው እናቷ፣ የሥራ አስኪያጁ ወንበርም ዞሮ ዞሮ የሷ የሆነች ልጅ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ምን ልታደርግ ትሄዳለች? ጥያቄው ቡና ላይ የሚነሳ ጨዋታ ይመስላል። ግን የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የቅበላ ሠራተኞችም የወራሽ ማመልከቻ ሲከፍቱ በሐሳባቸው የሚመላለሰው ይኸው ነው። እኔ ይህን ነገር መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ይዤ ማስረዳት ሆኗል ሥራዬ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።)

ብዙ ሰው የወራሽ ማመልከቻ ቀላል ይመስለዋል። ገንዘቡ አለ፣ ሥራው አለ፣ ስሙ አለ። እኔ ግን ከባዱ እሱ ነው ባይ ነኝ። አብራት የምታመለክተው የባንክ ሠራተኛ በማያውቃት ሰው ተቀጥራለች፣ በማያውቃት ሰው ተገምግማለች፣ ብታጠፋም ትባረር ነበር። ወራሿን ማን ያባርራታል? እድገት ሲሰጣት ለሥራዋ ይሁን ለልጅነቷ በምን ይለያል? የቅበላ ኮሚቴውን የሚያስቸግረው ችሎታዋን ያለ ይሉኝታ ያየ ሰው ማጣቱ ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህች ክፍተት የሚመነጭ ነው።

ፈተናው ላይ ብዙ አልቆይም። ጂማት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ አጥሮ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ይሰጣል። ለወራሽ ግን ከሌላው አመልካች የበለጠ ዋጋ አለው፤ በማመልከቻው ውስጥ አባቷን የማያውቅ ወረቀት እሱና የዩኒቨርሲቲ ውጤቷ ብቻ ናቸውና። «ሥራ ስላለኝ ለፈተና ጊዜ የለኝም» የሚል ወራሽ ስሰማ አዝናለሁ።

ቀጥሎ የሥራ ታሪኩ ይመጣል። በ23 ዓመቷ «ምክትል ሥራ አስኪያጅ»፣ በ25 ዓመቷ «የኦፕሬሽን ዳይሬክተር» የሚል ሲቪ ሲያዩ አንባቢዎቹ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ማዕረጉን ማን እንደሰጣት ያውቃሉ። ስለዚህ ማዕረጉን ዝቅ አድርጎ ሥራውን ከፍ ማድረግ ይሻላል። አንድ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። ልጅቷ ዳቦ ቤቶቹ በዱቤ ወስደው በሁለት ወር ይከፍሉ የነበረውን ወደ አንድ ወር አወረደችው እንበል። ይህንን እንዴት አደረገችው? የትኛው ደንበኛ አኮረፈ? አባቷ «ተይው፣ የድሮ ወዳጄ ነው» ሲሏት ምን መለሰች? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት፤ የባንክ ሠራተኛዋ እንዲህ ያለ ታሪክ የላትም። የወራሽ ልዩ ሀብት ፋብሪካው ሳይሆን ከገዛ አባት ጋር ተከራክሮ ሥራ መሥራት ነው፤ ብዙዎቹ ግን ገመናችን ይወጣል ብለው ይደብቁታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስን፤ ወደ ድጋፍ ደብዳቤው። ስታንፎርድ ሁለት ደብዳቤ ይጠይቃል፤ አንደኛው አሁን ካለው የቅርብ አለቃ እንዲሆን ይፈልጋል። የወራሿ የቅርብ አለቃ ደግሞ አባቷ ናቸው። የአባት ደብዳቤ አይሆንም፤ የአጎትም፣ የክርስትና አባትም አይሆንም። እንግዲህ ማን ይጻፍ? ብዙዎች ዘለው የሚይዙት ከዘመድ ውጭ ያለውን አንጋፋ ሥራ አስኪያጅ፣ ሃያ ዓመት ድርጅቱን ያገለገለውን ሰው ነው። እኔ አልመክርም። ሰውየው ስለ ነገ አለቃው እየጻፈ ነው፤ እንጀራው እዚያው ቤት ነው። የቅበላ ሠራተኛው ይህን ለመረዳት አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የተሻለው ሰው ልጅቷ ብትሳሳት ከራሱ ኪስ የሚጎድልበት ነው። ትልቁ ደንበኛ፣ ማሽን የሸጠላቸው የውጭ ኩባንያ ወኪል፣ ብድራቸውን የሚከታተለው የባንክ ሰው፣ ከቤተሰብ ውጭ ያለ የቦርድ አባል፣ ሒሳባቸውን የሚመረምረው ኦዲተር። ከእነዚህ ውስጥ እኔ ደንበኛውን አስቀድማለሁ። ኦዲተሩ ያየው ወረቀቷን ነው፤ ደንበኛው ግን ዕቃ ዘግይቶበት ስልክ ደውሎ ጮኾባታል፣ እሷም መልሳለች። እርግጥ ደንበኛው ሥራ የበዛበት ሰው ነው፤ ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፤ «እኔ ምኑን አውቄ» ሊል ይችላል። ቁጭ ብሎ ማስረዳት የአመልካቿ ፋንታ ነው፤ ደብዳቤውን ጽፎ «ፈርምልኝ» ማለት ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው ብቻ የሚመጣ ችግር አለ። ስታንፎርድን ጨምሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች በሚጠቀሙበት የጋራ ቅጽ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ አመልካቿ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ካሉ ጎበዞች ጋር ስትነጻጸር የት እንደምትቆም፣ እንዲሁም ከሰጣት የእርማት አስተያየት ዋናውን እና እሷ እንዴት እንደተቀበለችው። እኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ ማለት ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትሑት፣ ከሰው ተግባቢ ማለት ነው። የሰው ልጅ ጉድለት ጽፎ ለፈረንጅ መላክ ነውር ይመስላል፤ የባለፋብሪካ ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጸሐፊው «እንከን የላትም» ብሎ ይዘጋዋል። በደግነት የተጻፈች ያቺ ዓረፍተ ነገር ልጅቷን ትጎዳታለች፤ እርማት ሰጥቷት የሚያውቅ የለም ማለት ነዋ! ደንበኛው «ዋጋ ስትከራከር ትቸኩል ነበር፤ ነገርኳት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አሳድራ ትመልስልኝ ጀመር» ብሎ ቢጽፍ ስንት ምስጋና ይበልጣል።

ከማመልከቻው ጋር ስለሚቀርበው ድርሰት አንድ ልመና አለኝ። «ከቤተሰብ ድርጅቶች ወደ ሦስተኛ ትውልድ የሚሻገሩት ከመቶ 13 ብቻ ናቸው» ብላችሁ አትጀምሩ። ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። ጆን ዋርድ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በኢሊኖይ ግዛት የነበሩ 200 ያህል አምራች ድርጅቶችን ከ1924 እስከ 1984 ተከታትሎ በ1987 መጽሐፍ አወጣ። በስድሳ ዓመቱ መጨረሻ በዚያው ቤተሰብ እጅ የቀሩት ከመቶ 13 ያህል ነበሩ። ግን በጥሩ ዋጋ የተሸጠው ድርጅትም ከ«ጠፉት» ውስጥ ተቆጥሯል፤ ናሙናው የአንድ ግዛት፣ የአንድ ዘርፍ ነው። ዛሬ ቁጥሩ የዓለም ሕግ መስሎ ከአማካሪ ወደ አማካሪ ይዞራል፤ የቅበላ ሠራተኛውም ከልክ በላይ አንብቦታል።

ከዚህ ይልቅ በ1978 ሃርቫርድ ላይ ሬናቶ ታጁሪ እና ጆን ዴቪስ የሣሏቸው ሦስት ክቦች ይጠቅማሉ። አንዱ ክብ ቤተሰብ፣ ሁለተኛው ባለቤትነት፣ ሦስተኛው ድርጅቱ ነው። ክቦቹ ሲደራረቡ ሰባት ክፍል ይወጣቸዋል፤ እያንዳንዱ ሰው አንዱ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ውስጥ ቀን ከሌት የምትሠራው፣ ድርሻ ግን የሌላት ልጅ አንድ ቦታ ላይ ናት። ዋሽንግተን የሚኖረው፣ ድርሻ ያለው፣ ፋብሪካውን በዓመት አንዴ የሚያየው ወንድሟ ሌላ ቦታ ላይ ነው። የሷ ጥያቄ «መቼ እናስፋፋ» ነው፤ የሱ ጥያቄ «ትርፉ መቼ ይከፋፈላል» ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ይጣላሉ። እስቲ ወረቀት አውጡና የምታውቁትን አንድ ቤተሰብ አስገቡበት፤ የፋሲካው ዕለት ኩርፊያ ከየት እንደመጣ ይታያችኋል።

እኛ ዘንድ ሥዕሉ የሚወሳሰብበት ምክንያትም አለ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን፣ ኢንሹራንሶችንና ትልልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ የውርስ ሰንሰለቱም በብዙ ቤት ተበጠሰ። ዛሬ የምናያቸው አብዛኞቹ የቤተሰብ ኩባንያዎች ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋሙ ናቸው። እንግዲህ መሥራቾቹ አሁን ነው ያረጁት፤ ርክክቡም በብዙ ቤት የመጀመሪያው ነው። አባቶቹ ራሳቸው ድርጅት ወርሰው አያውቁምና እንዴት እንደሚወረስ ማሳየት አይችሉም። በዚያ ላይ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ የአንድ ሰው ማኅበር እስኪፈቅድ ድረስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባል ይጠይቅ ስለነበር፣ ሚስትን ወይም ልጅን በወረቀት አባል አድርጎ ማስገባት የተለመደ ነበር። አንዳንዷ ልጅ ሳታውቀው ባለድርሻ ናት ማለት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጆች እኩል ያካፍላል፤ የሠራችውም ያልሠራውም እኩል። «ድርጅቱን እመራለሁ» ብላ የምትጽፍ አመልካች ድርሻዋ ስንት እንደሆነ አስቀድማ ብትጠይቅ ቃለ መጠይቁ ላይ አትደነግጥም።

ከታወቁት ወራሾች ሦስቱን ላንሳ። አኪዮ ቶዮዳ በ1982 ከአሜሪካው ባብሰን ኮሌጅ ኤምቢኤ ይዞ ወጣ፤ መጀመሪያ ከቤተሰቡ ውጭ ሠራ፣ ቶዮታን የተቀላቀለው በ1984 ነው፣ ፕሬዚዳንት የሆነው በ2009። በዓመቱ ጉድለት አለባቸው ተብለው እንዲመለሱ በተጠሩት መኪኖች ጉዳይ የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቆመ። ኩማር ማንጋላም ቢርላ በ1992 ከለንደን ቢዝነስ ስኩል ተመረቀ፤ በ1995 አባቱ ሲሞቱ በ28 ዓመቱ ከሕንድ ትልልቅ የንግድ ቡድኖች አንዱን ተረከበ። ሕንዳዊው ቢሊየነር ሙኬሽ አምባኒ ደግሞ ስታንፎርድ ገብቶ አልጨረሰም፤ በ1980 አባቱ የፖሊስተር ፋብሪካ እንተክላለን ብለው ጠሩት፣ ሄደ። ትምህርቱን አቋርጦ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ወላጆች ይህን ሦስተኛውን ታሪክ ይወዱታል። እኔ ግን የቢርላን አስቡ እላችኋለሁ፤ ከምረቃ እስከ ወንበሩ ያገኘው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ወንበሩ መቼ እንደሚመጣ ማንም አይነግራችሁም።

ትምህርት ቤቱ ለወራሽ የሚሰጠው ትልቁ ነገርም በእኔ ግምት የፋይናንስ ትምህርት አይደለም። ሃርቫርድ ውስጥ ተማሪዎቹ ወደ 90 በሚጠጉ ሰዎች ክፍል ተከፋፍለው አንድን ኩባንያ የገጠመውን እውነተኛ ችግር ይዘው ይከራከራሉ፤ በብዙ ኮርስ ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ተሳትፎ ነው። ደረጃው በኮታ ይሰጣል፤ ከክፍሉ ከመቶ 10 ያህሉ የግድ ዝቅተኛ ደረጃ ያገኛሉ። የቤት ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም፣ ጸሐፊዋም «ልክ ነሽ» ሲሏት ላደገች ልጅ ሰማንያ ዘጠኝ እንግዳ ሰው «አልገባኝም፣ ለምን?» ሲላት ምን እንደሚሰማት ገምቱ። ይህን በአገር ቤት በገንዘብ መግዛት አይቻልም።

ሁለት ዓመት የግድ ነው ወይ? አይደለም። የሁለት ዓመቱ ፕሮግራም መካከል ላይ ያለው ክረምት የተሠራው አዲስ ሥራ ለሚፈልጉ ነው፤ ሌላ ድርጅት ሄደው ይለማመዱበታል። ሥራዋ ለሚጠብቃት ልጅ ልምምዱ አያስፈልጋትም ይባላል። ኮሎምቢያ ለዚህ ብሎ በጥር የሚጀምር፣ የክረምት ልምምድ የሌለው፣ ወደ 16 ወር የሚፈጅ መግቢያ አለው። ፈረንሳይ ፎንቴንብሎ ያለው ኢንሴያድ በ10 ወር ይጨርሳል። ሙምባይ ያለው ኤስፒ ጄይን ደግሞ ለቤተሰብ ድርጅት ልጆች በተለይ የተሰናዳ ፕሮግራም አለው፤ በወር አንድ ሳምንት ክፍል ይገባሉ፣ የቀረውን ፋብሪካቸው ውስጥ ይሠራሉ። አባት «ልጄ ከሄደች አትመለስም» ብለው ለሚፈሩበት ቤት ይህ አማላጅ ነው። እኔ ግን በተቃራኒው እከራከራለሁ፦ ከአባቷ በቀር አለቃ ለማታውቅ ልጅ ያ ክረምት ከሁሉ የሚያስፈልጋት ነው። ሦስት ወር ስሟን በማያውቅ ድርጅት ውስጥ ተራ ሠራተኛ ሆና፣ በሰው አለቃ ተገምግማ ትመለስ። አጭሩን መንገድ የምመርጠው ቀድማ ሌላ ቦታ ለሠራች ብቻ ነው።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ፦ ሃርቫርድ ውስጥ የትምህርት ክፍያው ብቻ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር ይበልጣል። ሃርቫርድም ስታንፎርድም እርዳታ የሚሰጡት በጉብዝና ሳይሆን በችግር መጠን ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ባለድርሻ ሆና የቆየችው ልጅ ድርሻዋ እዚህም ሊጠየቅ ይችላል።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ የአሜሪካ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው ዙር በሴፕቴምበር መግቢያ፣ የእኛ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ ሁለተኛው በገና ሰሞን ይዘጋል። ጂማት በጥቂት ወራት ይጠናል፣ ድርሰትም በሳምንታት ይጻፋል። ደንበኛው ግን ዛሬ ተዋውቋችሁ በሚቀጥለው ወር ስለ እናንተ ሊጽፍ አይችልም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት አብሯችሁ ሠርቶ፣ አንድ ሁለቴ ተቆጥቷችሁ መሆን አለበት። ስለዚህ ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት አባትን «አንድ ትልቅ ደንበኛ ለእኔ ብቻ ይሰጠኝ፣ እርስዎም ስልኩን አያንሱለት» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።