ከወላጅ የተወረሰ ኃይል «ሚውታንት» ያሰኛልን?

ፊልምና ባለሥዕል የተረት መጽሔት የሚወዱ ተማሪዎች ዘወትር ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የሚከተለው ነው፦ ልዩ ኃይሉን ከአባቱ ወይም ከእናቱ የወረሰ ልዕለ ጀግና ሚውታንት ሊባል ይችላልን? ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የቀረበ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሚውቴሽን ምንድን ነው? በየትኛው ሕዋስ ላይ ይከሰታል? ለልጅ የሚተላለፈውስ መቼ ነው? የሚሉ መሠረታዊ የሥነ ሕይወት ጥያቄዎችን በውስጡ ይዟል። የእነዚህን መልስ አዛብቶ መረዳት ደግሞ፣ በጽሑፋችን መጨረሻ እንደምንመለከተው፣ እውነተኛ ሰዎችን ጎድቷል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ የተረቱን ሕግ እንመልከት። ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ በ1963 «ኤክስ-ሜን» የተሰኘውን ተከታታይ ታሪክ በማርቨል አሳታሚነት ለአንባቢ አቀረቡ። በዚህ የተረት ዓለም ሚውታንት የሚባለው «ኤክስ ጂን» የተሰኘውን የኃይል ምንጭ ይዞ የተወለደ ሰው ነው። በ1962 የተፈጠረው ስፓይደርማን ግን ኃይሉን ያገኘው ጨረራ ያገኛት ሸረሪት ነክሳው ስለሆነ ከሚውታንቶች አይቆጠርም። በ1961 ብቅ ያሉት «ፋንታስቲክ ፎር»ም ከጠፈር የመጣ ጨረር የለወጣቸው እንጂ ከኃይላቸው ጋር የተወለዱ አይደሉም።

ችግሩ የሚነሣው እነዚህ ጀግኖች ልጅ ሲወልዱ ነው። ከፋንታስቲክ ፎር አባላት መካከል የሪድ ሪቻርድስና የስዩ ስቶርም ልጅ የሆነው ፍራንክሊን በ1968 በወጣ እትም ተወለደ። ለብዙ ዓመታት ሚውታንት ሲባል ከቆየ በኋላ በ2020 በወጣ ታሪክ ሚውታንት አለመሆኑ ተነገረ። በ1998 በወጣ ሌላ ታሪክ ደግሞ የስፓይደርማን ሴት ልጅ ሜይ ፓርከር የአባቷን ኃይል ወርሳ እናገኛታለን። ደራስያን እንደ ታሪኩ ፍላጎት ፍርዳቸውን ሊለውጡ ይችላሉ። ሥነ ሕይወትስ ምን ይላል?

ሚውቴሽን ማለት በዲ ኤን ኤ ላይ የሚከሰት የቅደም ተከተል ለውጥ ነው። የሰው ልጅ ሙሉ ዘረመል ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ጥንድ «ፊደላት» አሉት። እያንዳንዱ ሕፃን ሲወለድ በአባቱም ሆነ በእናቱ ዘንድ የሌሉ፣ በአማካይ ከ60 እስከ 70 የሚደርሱ አዳዲስ ለውጦችን ይዞ ይወለዳል። አብዛኞቹ አይጎዱም፣ አይጠቅሙም። በዚህ ሰፊ ትርጉም ከተጓዝን ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ሁሉ ሚውታንት ናችሁ ማለት ነው!

ወሳኙ ጉዳይ ለውጡ የደረሰበት ሕዋስ ነው። በቆዳ ወይም በጉበት ሕዋስ ላይ የደረሰ ለውጥ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ ለልጅ የሚተላለፈው በዘር ሕዋስ፣ ማለትም በእንቁላል ወይም በወንዴ ዘር ላይ የደረሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሜይ ፓርከር ኃይሏን በውርስ አገኘች ለማለት የሸረሪቷ ንክሻ የአባቷን ጡንቻ መለወጡ አይበቃም፤ ዘር አመንጪ ሕዋሳቱንም መለወጥ ነበረበት።

ይህ ሆኗል እንበል። እንግዲያው ለውጡ የተከሰተው በአባት እንጂ በልጅ አይደለምና ልጅቱ ሚውታንት ትባላለችን? መልሱን ከፍራፍሬ ዝንብ እናገኘዋለን። ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ከቀይ ዓይናማ ዝንቦቹ መካከል አንዲት ነጭ ዓይን ያላት ሳትሆን አንድ ነጭ ዓይን ያለው ወንድ ዝንብ አገኘ። የዘረመል ተመራማሪዎች እርሱን ብቻ ሳይሆን ነጭ ዓይን የወረሱትን ዘሮቹንም ሚውታንት ይሏቸዋል። ስያሜው የተለወጠውን ጂን መያዝን እንጂ ለውጡ መጀመሪያ በማን ላይ እንደተከሰተ አያመለክትም። ስለዚህ ሜይ ፓርከር በተረቱ ሕግ ባትሆንም በሥነ ሕይወት ሕግ ሚውታንት ናት።

መውረስ ብቻውን ግን ስያሜውን አያስገኝም። የሱፐርማን ልጅ ጆን ኬንት ኃይሉን ከአባቱ ወርሷል፤ የአባቱ ጂን ግን ለክሪፕቶን ተወላጆች የተለመደው ነው። ስለዚህ ጆን የሁለት ዝርያዎች ድቅል እንጂ ሚውታንት አይደለም።

ከተረት ውጭም የተወረሰ «ኃይል» አለ። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ በ1960ዎቹ ሰባት የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎችን አግኝቷል። በ1993 ይፋ የሆነ ጥናት እርሱና በርካታ ዘመዶቹ የቀይ ደም ሕዋሳትን ምርት በሚቆጣጠር ጂን ላይ ሚውቴሽን እንዳላቸው አሳየ። ደማቸው ከተለመደው የበለጠ ኦክስጅን ይሸከማል። ልምምድ ባይታከልበት ሜዳሊያ ባይገኝም፣ ጥቅሙ ከወላጅ የተወረሰ ነበር።

አሁን ወደ ጨረራ እንመለስ። ኸርማን ሙለር በ1927 ወንድ ዝንቦችን ለኤክስሬይ አጋልጦ በዘሮቻቸው ላይ ሚውቴሽን እንደሚበዛ አሳየ፤ በ1946ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ምክንያቱ በፊዚክስ ግልጽ ነው። ሁለት አተሞችን ያስተሳሰረ ኬሚካዊ ትስስር ለመበጠስ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል፤ አንድ የኤክስሬይ ፎቶን ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ሊይዝ ይችላል። ሆኖም ጨረራ የሚመታውን አይመርጥም። በመጽሐፍ ውስጥ ያለፈ ጥይት ፊደላትን ያጠፋል እንጂ አዲስ ምዕራፍ አይጽፍም። ግድግዳ የመውጣት ችሎታ ከአንድ ንክሻ የማይገኘውም ለዚህ ነው።

በነሐሴ 1945 ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ የአቶም ቦምብ የተረፉ ሰዎች በእርግጥ ለካንሰር ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ይህ በአካል ሕዋሳት ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ኅብረተሰቡ ግን ከዚህ አልፎ ልጆቻቸውንም ተጠራጠረ። የተረፉትና ልጆቻቸው «ዘራቸው ተበላሽቷል» በሚል ፍርሃት ለጋብቻ የማይፈለጉበት ጊዜ ነበር። ከጨረራው በኋላ የተፀነሱ ከ70 ሺህ በላይ ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተለው ጥናት ግን በዘር የሚተላለፍ በሽታ መጨመሩን የሚያረጋግጥ ውጤት አላገኘም። ይህ ማለት ጨረራ የዘር ሕዋስን አይነካም ማለት አይደለም፤ ሙለር መንካቱን አሳይቷል። በእነዚያ ቤተሰቦች ላይ ግን ውጤቱ በዚህን ያህል ብዛት ጥናት እንኳ የማይለይ ነበር።

እንግዲህ ስለ አንድ ልዕለ ጀግና ስትከራከሩ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፦ ጂኑ ከተለመደው ተለውጧልን? ለውጡ የደረሰው በአካል ሕዋስ ላይ ነው ወይስ በዘር ሕዋስ ላይ? ለልጁስ በእርግጥ ተላልፏልን? እነዚህን ሳይጠይቅ የአባትን ቁስል በልጅ ላይ የሚጽፍ ሰው ተረትን ከሳይንስ ደባልቋል። ስለ ስፓይደርማን ልጅ ሲሆን ስሕተቱ ያስቃል፤ ስለ ሂሮሺማ ልጆች ሲሆን ግን ትዳር ከልክሏል።