ቦታው ይቀየር፣ ስሙ ይቆይ

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ደጀንን አልፎ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ያያል። አዲሱ፣ ሕዳሴ የሚባለው፣ በጃፓን ዕርዳታ ሲሠራ መኪናው በአሮጌው ይተላለፍ ነበር። የላይሰንስ ሰርቨርም ሥራ ሳይቆም የሚዛወረው እንደዚሁ ነው፤ አዲሱ ቆሞ ሳይፈተሽ አሮጌው አይነካም።

ላይሰንስ ሰርቨር የእድር ዕቃ ቤት ነው ማለት ይቻላል። አንድ የምህንድስና ቤተ ሙከራ 60 ኮምፒውተር አለው እንበል፤ ማትላብ ለሚባለው ፕሮግራም የገዛው ላይሰንስ፣ ማለትም የመጠቀሚያ ፈቃድ፣ ግን 25 ነው። እነዚህን የሚያድል አንድ ኮምፒውተር ይቆማል። ተማሪ ፕሮግራሙን ሲከፍት አንዱን ይወስዳል፣ ሲዘጋ ይመልሳል። 26ኛው ተማሪ አንዱ እስኪወጣ አይከፈትለትም። ይህ ማደያ ኮምፒውተር ከወደቀ ግን ለማንም አይከፈትም። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር የሚንገላታ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይህን ያህል ሸክም መተው ደግሞ አያዋጣም።

የላይሰንሱን ፋይል በኖትፓድ ብንከፍተው የመጀመሪያው መስመር ሦስት ነገር ይዟል፦ የሰርቨሩን ስም፣ ማክ አድራሻ የሚባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የኔትወርክ ካርድ መለያ፣ መጨረሻ ላይ የፖርት ቁጥር፣ አብዛኛውን ጊዜ 27000። ስሙና ፖርቱ ቢቀየሩ ችግር የለም። መለያው ላይ ግን አንዲት ፊደል ከተነካች ከሥር ያለው የኩባንያው ፊርማ አይገጥምም፤ ሰርቨሩም አያድልም። ስለዚህ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ወደ አዲሱ መውሰድ ከንቱ ድካም ነው። የአዲሱን ኮምፒውተር መለያ ለኩባንያው አስመዝግቦ አዲስ ፋይል ማስወጣት ያስፈልጋል። አሮጌው ለጥቂት ቀን አብሮ እንዲሠራም አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ፈቃዱ ለሁለት ሰርቨር አልተሸጠምና።

የሥራው ቁልፍ ያለው ስሙ ላይ ነው። 60ዎቹ ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን በራሱ ስም የሚያውቁት ከሆነ 60 ቦታ እየዞሩ መቀየር ይመጣል። ብልህ አስተዳዳሪ ስምን ከአድራሻ በሚያገናኘው መዝገብ፣ በዲኤንኤስ፣ ላይ ቅጽል ስም ያወጣለታል፤ ሁሉም የሚጠሩት በዚያ ነው። መንቆረር ደብረ ማርቆስ ስትባል ስሟ ተለወጠ እንጂ ቦታዋ አልተነቃነቀም። እዚህ የሚፈለገው ግልባጩ ነው። ከዝውውሩ አንድ ቀን አስቀድሞ ኮምፒውተሮቹ አድራሻውን በትውስታቸው የሚይዙበትን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ማሳጠር፣ በማግስቱ ቅጽል ስሙን ወደ አዲሱ ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የሚከፍት ሁሉ ከአዲሱ ይወስዳል፤ ቀድሞ የከፈተው እስኪዘጋ ከአሮጌው ጋር ይቆያል። ማን ምን እንደያዘ የሚያሳየው ዝርዝር አሮጌው ላይ ባዶ ሲሆን ማጥፋት ይቻላል። ማትላብን ከፍቶ ምሳ የሄደ ተማሪ ግን ሁልጊዜ አይጠፋም።

አንድ ጊዜ እኔም በዚህ ሥራ ተኩራርቼ ነበር። ቅዳሜ አዛወርን፣ ሁሉም ኮምፒውተር ከፈተ፣ ቡና ጠጥተን ተለያየን። ሰኞ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱም አልከፈት አለ። ሰርቨሩ ተነሥቷል፣ 27000 ክፍት ነው። ለካስ ማደያው ሁለት ፕሮግራም ነው፤ 27000 ላይ ያለው በረኛ ብቻ ሲሆን ላይሰንሱን የሚሰጠው ሌላው ነው። እሱ ቁጥር በፋይሉ ካልተወሰነለት በተነሣ ቁጥር ያገኘውን ፖርት ይይዛል። ቅዳሜ የያዘውን ፖርት ፋየርዎሉ ላይ ከፍተንለት ነበር፤ ሰኞ ሌላ ያዘ። በፋይሉ ሁለተኛ መስመር ጫፍ ላይ አንድ የፖርት ቁጥር ጽፈን፣ ያንኑ ፋየርዎሉ ላይ ከፍተን፣ ኮምፒውተሩን ሁለት ጊዜ አጥፍተን አስነሣነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፈተ።