ቴምሩ መኪናው ውስጥ ይኑር

በረመዳን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን የከተማው መንገድ ጠባዩ ይለወጣል። ሳንቡሳ በወረቀት የጠቀለለ፣ ቴምር በፌስታል ያንጠለጠለ፣ የልጁን እጅ የያዘ ሁሉ ወደ ቤቱ ያቀናል። ታክሲ ያጣ ይጋፋል፤ ያገኘ ሾፌሩን ያጣድፋል። ቤት ውስጥ ሾርባው ደርሷል፤ ልጆች በር በሩን ያያሉ። ለመግሪብ የቀረችው ያቺ ግማሽ ሰዓት በቀኑ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች ሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የምትፈልግ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚኒባስ ስመለስ ያየሁትን አልረሳውም። ወሊሶ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ጀንበር አዘቀዘቀች። አብዛኛው ተሳፋሪ ጾመኛ ነበር። «ትንሽ ጫን በለው፤ ወሊሶ ገብተን እናፍጥር» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሌሎቻችንም ተቀበልነው። ሾፌሩ ጫን አለው። ኩርባ ላይ አንድ አይሱዙ ሊቀድም ወጣ ሲል መብራት የሌለው ጋሪ ከፊት ለፊት ብቅ አለ። በፍሬን ተረፍን። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ እስቲ ዳር ይዘህ አቁምልን» አሉት። ከዘንቢላቸው ቴምር አውጥተው ለጾመኛውም ላልጾመውም አደሉ። አዛኑን የሰማነው ከመንገድ ዳር መንደር ነው። አፍጥረን ስንነሳ የፈጀብን አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሁላችንም ልናልቅ የነበረው ለዚያች አሥር ደቂቃ ነበር።

ጾሙ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኛ ጥድፊያ ነው፤ ድካምም ያግዘዋል። ተራዊህ ያመሸ፣ ለሱሁር የተነሳ ሰው እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ጠዋት ቡና የለመደ ራስ ከሰዓት በኋላ ይከብዳል። ውኃ የጠማው ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይበተናል። በዚህ ላይ ቀኑ ሊመሽ ሲል ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይወስዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ለሦስት ሰከንድ ቢያንጎላጅ፣ መኪናው ያለ ሾፌር ከ60 ሜትር በላይ ሄደ ማለት ነው።

መፍትሔው ከእጃችን የራቀ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ፈጥኖ ማፍጠር ሱና ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቴምርና በአንድ ጉንጭ ውኃ ይፈጸማል። ስለዚህ ቴምርና የታሸገ ውኃ ከመኪናው፣ ከቦርሳው አይጥፋ። አዛን ከሰማችሁ መኪናውን ዳር አስይዛችሁ አፍጥሩ፤ ሾርባው ይጠብቃል። ረጅም መንገድ ለሚሄድም ቁርአን ለመንገደኛ ጾሙን ፈቶ በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዶለታል። ይህ ፈቃድ የተሰጠን ልንጠቀምበት ነው። በተለይ መሪ የጨበጠ ሰው ራሱ ከከበደው ያስብበት፤ የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ ነው።

ቤት የቀረውም ድርሻ አለው። ከመግሪብ በፊት «የት ደረስክ?» እያልን ደጋግመን የምንደውለው መሪ ለያዘ ሰው ነው። ገና በጊዜ አንድ ጊዜ ደውሎ «ቀስ ብለህ ና፤ እንጠብቅሃለን» ማለት ይበቃል።

ከኢፍጣር በኋላ ደግሞ እግረኛው ይበዛል። ለተራዊህ ቤተሰቡ በሙሉ ሲወጣ ልጆች ይሮጣሉ። ጥቁር ጅልባብ የለበሰች እናት በጨለማ መንገድ ላይ ለሾፌር አትታይም፤ ነጣ ያለ ሻሽ ወይም የስልክ መብራት ያሳያታል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችሁን ይዛችሁ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሂዱ። ሕፃኑ ከመኪናው በተቃራኒ፣ በዳር በኩል ይሁን።

ዒድ አልፈጥር ሲቀርብ ጉዞው ወደ ሀገር ቤት ነው። ወደ ወሎ የሚሄደው ጣርማ በርን ሲያልፍ ጉም፣ ወደ ጅማ የሚወርደው ግቤ ላይ ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እንጂ ፍሬን ረግጦ ብቻ አይወረድም፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ሌሊት ከመጓዝ ሱሁር በልቶ፣ ሱብሂ ሰግዶ፣ ትንሽም ተኝቶ በብርሃን መነሳት ይሻላል። የደህንነት ቀበቶ ለሾፌሩ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሕፃን ከፊት ወንበር በእናቱ ጭን ላይ አይቀመጥ፤ መኪናው ድንገት ቢቆም የእናት ክንድ ሊይዘው አይችልም።

በዒድ ቀን ስታዲየምና ሜዳው በሕዝብ ሲሞላ ትንንሽ ልጆች ይጠፋሉ። የወላጅ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በኪሳቸው ይግባ፤ ከተለያዩም የሚገናኙበት ቦታ ከቤት ሳይወጡ ይነገራቸው።

ከሰላት በኋላ ብዙ ቤተሰብ ወደ ቢሾፍቱ፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ይወጣል። ከቢሾፍቱ ሐይቆች ብዙዎቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠሩ ናቸው፤ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ጥልቅ ይሆናሉ። የላንጋኖ ውኃ ድፍርስ በመሆኑ የሰመጠ ልጅ አይታይም። ሐዋሳ ጉማሬ አለ። ስለዚህ ልጆች ውኃ ዳር ሲጫወቱ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ እነሱን ብቻ ይጠብቅ። «ሁላችንም እያየናቸው ነው» ማለት ብዙ ጊዜ ማንም አላያቸውም ማለት ነው። ሰው ሲሰምጥ ብታዩ ዋና ሳትችሉ አትግቡ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወይም ገመድ ወርውሩለት፣ ለእርዳታም ጩኹ።

በሀገራችን መንገድ መኪና ሲበላሽ ለጎማው ድንጋይ ይደገፍለታል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ማታ የሚመጣውን ይጠብቃል። ሃይማኖታችን ጎጂን ነገር ከመንገድ ማንሳትን ከሰደቃ ይቆጥረዋል። በዚህ ወር እንዲህ ያለ ድንጋይ ያየ፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን አረጋግጦ ያንሳው። ከማን እንዳዳነው የማያውቀው አንድ ቤተሰብ በሰላም ገብቶ ያፈጥራል።