የድንጋይ ክምር ሁሉ መቃብር አይደለም

ከባቱ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አዳሚ ቱሉ የጥንት ሰው አሻራ በሞላበት አካባቢ ትገኛለች። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ በገደሞታ፣ ከባልጩት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከ276 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል። በቡልቡላ ወንዝ ዳርም የኋለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሥራ ቅሪት ተጠንቷል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ የድንጋይ ክምር ወይም ጉብታ ሲታይ «የጥንት መቃብር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱን ግን ጉጉት ሳይሆን የሙከራ ቁፋሮ ሊሰጠው ይገባል።

የሙከራ ቁፋሮ ጉብታውን እንዳለ አይገለብጥም። ከዳር ወደ መሐል ጠባብ ቦይ ይቀደድና አፈሩ ንብርብሩን ተከትሎ በጥንቃቄ ይነሳል። በቅድሚያ የሚፈለገው አጥንት ወይም ጌጥ ሳይሆን የአፈሩ የቀለምና የጥብቀት ልዩነት ነው። ተቆፍሮ የተሞላ ጉድጓድ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም አፈሩ የተደባለቀ፣ ዳሩም የተቆረጠ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ይለያል። ይህ ምልክት ካልታየ ክምሩ ከእርሻ ላይ የተለቀመ ድንጋይ ሊሆን ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ግን ማስረጃው ራሱ ሊያሳስት ይችላል። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ከአሥር ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዝናባማ ዘመን አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ። የዚያን ሐይቅ ደለል ሰንጥቆ የወረደ መቃብር ከደለሉ በኋላ የተቆፈረ ነው፤ ያልተነካ ደለል የሸፈነው ግን ከደለሉ ይቀድማል። ባልጩቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥንታዊ ስብርባሪ በሞላበት መሬት ላይ በቅርብ ዘመን መቃብር የቆፈረ ሰው አፈሩን ሲመልስ ስብርባሪውንም አብሮ ይመልሰዋል። ስለዚህ በመቃብር አፈር ውስጥ ባልጩት መገኘቱ ብቻውን ሟቹን የድንጋይ ዘመን ሰው አያደርገውም።

በአገራችን የተካሄዱ ቁፋሮዎችም ከላይ አይቶ መፍረድ እንደማይበቃ ያስተምራሉ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ለዓይን እጅግ ጥንታዊ ይመስላሉ። ይሁንና ከሥራቸው የተገኙት መቃብሮች የመካከለኛው ዘመን መሆናቸውን ያሳየው ቁፋሮ ነው። በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድንጋይ ክምር ሥር የተገኘው «ባይራ» የተባለ ሰው ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ሆኖ ተገኝቷል፤ የዘር ውርሱም ተነቧል። አንዱ ከታሰበው ይልቅ የቅርብ፣ ሌላው ተራ ከሚመስል ክምር ሥር የወጣ የሩቅ ዘመን ነው።

«መቃብር ከሆነ ለምን ሙሉ በሙሉ አይቆፈርም?» የሚሉ ይኖራሉ። ቁፋሮ ግን የሚያጠናውን ነገር እያፈረሰ የሚሄድ ሥራ ነው፤ የተነሣ ንብርብር ወደ ቦታው አይመለስም። ሳይነካ የቀረው ክፍል የተሻለ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ትውልድ ማስረጃ ሆኖ ይቆያል። «ጠባብ ቦይ መቃብሩን ስቶ ሊያልፍ ይችላል» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ እውነትም ነው። ባዶ የወጣ አንድ ቦይ መቃብር እንደሌለ አያረጋግጥም። ለዚህም ነው አስቀድሞ ገጹን በእግር ማሰስ፣ ከመሬት በታች ያለውን በመሣሪያ መፈተሽና ከአንድ በላይ ቦይ መቅደድ የሚያስፈልገው። «ሙታንን ለምን እንረብሻለን?» የሚለው ጥያቄም ክብር ይገባዋል። የሙከራ ቁፋሮ ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ተመክሮበት፣ አጥንት ሲገኝም ቆም ተብሎ የሚሠራ ከሆነ ከሁሉም መንገድ ያነሰ የሚረብሽ ነው። ያልታወቀ መቃብር ለአካፋና ለግሬደር ይጋለጣል፤ የታወቀ ግን ሊጠበቅ ይችላል።

ስለዚህ በአዳሚ ቱሉም ሆነ በሌላ ቦታ መሠረት ሲያወጣ ወይም አሸዋ ሲዝቅ አጥንት ያጋጠመው ሰው ሥራውን አቁሞ ማሳወቅ አለበት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲነገር፣ ያለ ፈቃድም ማንም እንዳይቆፍር ያዝዛል። ይህ ለወግ ብቻ የሚፈጸም ግዴታ አይደለም። አጥንቱ ከነበረበት አፈር ተነጥሎ ከወጣ የማን ዘመን ሰው እንደነበር የሚመሰክርለት ማስረጃ አብሮት ይጠፋል።